የጎፈሩ ባለቤቶች

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የፈረስ ኮቴ ከተማ ናት። ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከዚገም የመጡ ፈረሰኞች ሜዳውን ሲሞሉት አቧራው ከዋንዛው ጫፍ በላይ ይወጣል። ልጅ ሳለሁ ዓይኔ ከፈረሱ ይልቅ የሚከተለው ጎፈሩን ነበር። ግንባራቸው ላይ የአንበሳ ጎፈር አስረው የሚመጡ አባቶች ነበሩ፤ ፈረሱ ሲሸመጥጥ ጠጉሩ ነፍስ እንዳለው ነገር ብድግ ይላል። «የት የተገደለ ነው?» ብዬ ስጠይቅ አያቴ አገጫቸውን ወደ ምዕራብ ቀና አድርገው «ቆላ» ይሉኝ ነበር። ሌላ ማብራሪያ አልነበረውም። ቆላ ማለት ከዳንግላና ከቻግኒ ወዲያ ቁልቁል የሚወርደው የጃዊ፣ የበለስ፣ የቋራ አገር ነው፤ ለደጋ ልጅ ሙቀትና ወባ፣ ሰሊጥና አንበሳ።

የዚያ ጎፈር ባለቤት ማን እንደነበረ፣ አባቱና ወንድሞቹ እነማን እንደነበሩ የጠየቀ ሰው ግን አላየሁም። እኛ አገዎች ዘር መቁጠር እናውቃለን። አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ቋቁራ፣ መተከል፣ ዚገም ብለን ሰባቱን ወንድማማቾች እንጠራለን፤ «ሰባት ቤት አገው» የተባልነውም በእነሱ ነው ሲሉ አባቶች ይተርካሉ። አንበሳም ወንድማማች አለው። አንበሳም ቤት አለው። ታሪኩን ከጥንቱ ጀምሬ በተርታ ልንገራችሁ፤ «ዓ.ም.» ያላልኩባቸው ዓመቶች ከነወራቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀድሞ አንበሳ የቆላ ብቻ አልነበረም። አክሱም አጠገብ ጎበድራ ላይ ከአለት የተቀረጸች ሴት አንበሳ እስከ ዛሬ አለች፤ የቀረጻት ሰው አንበሳን በወሬ ብቻ ያወቀ አይመስልም። ጎንደር ከተቆረቆረች በኋላ በፋሲል ግቢ ውስጥ የአንበሳ ቤት ተሠርቶ ነበር፤ የድንጋዩን አጥር ዛሬም ጎብኚ ያየዋል። ንጉሥ ባለበት አንበሳ አለ። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው መጠሪያ በማኅተም ላይ ብቻ የሚነበብ አልነበረም፤ ሲያገሳ ከተማው የሚሰማው ሕያው እንስሳ ከጎኑ ነበረው።

ከነገሥታቱ ሁሉ አንበሳን በቅርብ ያውቃል ብዬ የማምነው ቴዎድሮስን ነው። ካሣ ኃይሉ በ1818 ገደማ የተወለደው ቋራ ነው፤ የሸፈተውም በዚያው በረሃ ነው። ዛሬ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ያለው በቋራ ወረዳ ውስጥ ነው። በ1855 ደረስጌ ላይ ከነገሠ በኋላ አንበሶችን በድንኳኑ አጠገብ ያኖር ነበር፤ በ1860ዎቹ አውሮፓ ውስጥ በታተመ ሥዕል ላይ በአንበሶች ተከቦ እንግዳ ሲቀበል ይታያል። አውሮፓውያን ሥዕሉን ያዩት በፍርሃት ነበር። እኔ የማየው የቋራን ልጅ ነው፤ ሌሊት ግሳት እየሰማ በበረሃ ያደረ ሰው ድምፁን ወደ ድንኳኑ ይዞት መጣ።

ከቴዎድሮስ በኋላ የአንበሳ ታሪክ ከጎንደርና ከጎጃም ወደ ሸዋ ይዞራል። ምኒልክም አንበሳ ነበራቸው፤ ለወዳጅ መንግሥትም ይልኩ ነበር። በታኅሣሥ 1903 ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ገብቶ የንግድ ውል ተፈራረመ። በ1904 ምኒልክ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የላኩት አንበሳ ዋሽንግተን ደርሶ በአገሪቱ የእንስሳት ማቆያ ገባ። እዚያው ሞተ፤ ቆዳውና አጥንቱ ተቀመጠ። በ1913 ኤድመንድ ሄለር የተባለ አጥኚ ያንን አንበሳ መርምሮ ከሌሎች አንበሶች የተለየ ንዑስ ዝርያ ነው አለና በሩዝቬልት ስም ጠራው። የኢትዮጵያ ደጋ አንበሳ በሳይንስ መዝገብ የገባው በተቀበለው ሰው ስም ነው። የትኛው ወንዝ ዳር እንደ ተወለደ፣ የትኛው አውራ እንደ ወለደው የጻፈ አልነበረም።

በዚያው ዘመን በአገር ቤት አንበሳ የሚፈለገው ለጎፈሩ ነበር። አንበሳ የገደለ ሰው ይፎክራል፣ ይሸለማል፣ ጎፈር ይደፋል፣ ከቆዳው ለምድ ይለብሳል። ገዳይ ደግሞ የሚመርጠው ጎፈሩ የጠቆረውንና የረዘመውን ነው፤ ይህም ማለት በጉልበቱ ጫፍ ላይ ያለውን አውራ። የዚህን ትርጉም ለመረዳት ዓለም ገና ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈልግ ነበር፤ እዚያ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

በ1925 ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሮበርት ቺዝማን ተሾመ። እስከ 1934 እዚያው ኖረ። ሥራው የመንግሥት ቢሆንም ሰውየው በልቡ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር፤ ወፍ ይሰበስባል፣ ጣናን ዞሮ ያያል፣ ካርታ ያልነበረውን የዓባይን ሸለቆ እየተከተለ ወደ ሱዳን ድንበር ይወርዳል። በ1936 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ለሚጽፍ ሁሉ ዛሬም መነሻ ነው። ዳንግላ ለአሥር ዓመት ያህል የተፈጥሮ ጥናት ጣቢያ ነበረች ማለት ነው፤ ይህን የከተማዋ ልጆች ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ቺዝማን በሄደ ማግሥት፣ በ1935፣ ከድንበሩ ወዲያ ሱዳን ውስጥ የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ፤ ስፋቱ ዛሬ ወደ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዲንደር የተባለው ወንዝ የሚነሣው ከእኛ ደጋ፣ ከጣና በስተ ምዕራብ ነው። በዚያው ዓመት ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረ። በ1930 ለንግሥ በዓል አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ተነቅሎ ሮማ ተወሰደ፤ በ1938 ዘርዓይ ደረስ ያን ሐውልት ባየበት ቦታ ሰይፍ መዞ ያደረገውን እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ያውቃል። ሐውልቱ በስደት እያለ የሕያዋኑ አንበሶች አገር ደግሞ የአርበኛ መሸሸጊያ ሆነ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በዚያው በጠላት ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም. ነው።

በጥር 1941 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። ሰንደቁ ላይ አንበሳ አለ። ከኦሜድላ እስከ በላያ ተራራ ያለው መንገድ ቀርከሃና ቁጥቋጦ፣ ደረቅ ወንዝና ድንጋይ ነው፤ ጭነት የተሸከሙት በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች አብዛኞቹ በጉዞው አለቁ። በየካቲት ከበላያ ወደ ደጋው ሲወጡ ጣሊያን ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ አፈገፈገ። ይህን ጉዞ የጻፉት ሁሉ ስለ እንግሊዞቹ መኮንኖች ስለ ዊንጌትና ስለ ሳንድፎርድ፣ ስለ ግመሎቹና ስለ መትረየሱ ይጽፋሉ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ የአንበሳ ሰንደቅ የያዘው ሠራዊት ያለፈው በአንበሶቹ ግዛት ውስጥ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ስድስት ኪሎ ላይ የአንበሳ ግቢ ተሠራ። መሥራቾቹ ሰባት አንበሶች እንደነበሩ ይነገራል፤ አምስት ወንድና ሁለት ሴት። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ ናቸው ይባላል፤ መነሻቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሰባት! ሰባት ቤት አገው ለሆነ ሰው ይህ ቁጥር ዝም ብሎ አያልፍም። ነገር ግን የእኛ ሰባቱ ወንድማማቾች በየአቅጣጫው ተበትነው አገር ሞሉ፤ የስድስት ኪሎዎቹ ሰባት ከአጥሩ አልወጡም። የአዲስ አበባ ልጅ ለሁለትና ለሦስት ትውልድ ወላጁን ተከትሎ ሄዶ ያያቸው አንበሶች ሁሉ የእነዚያው ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ግቢ ውስጥ የታጠረ ዘር ምን እንደሚገጥመው ዓለም ያወቀው ከዱር፣ ከታንዛንያ፣ በአጋጣሚ ነው። በ1962 በንጎሮንጎሮ ጎድጓዳ ሜዳ ላይ የሚናከስ የዝንብ መንጋ ተነሥቶ አንበሶቹን ጨረሳቸው። የተረፉት ዘጠኝ ሴቶችና አንድ ወንድ ብቻ ነበሩ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሰባት ወንዶች ከውጭ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ የተወለዱት ሁሉ የ15 አንበሶች ዘር ናቸው። የገደሉ ግንብ ከፍ ያለ ነው፤ ውስጥ ያሉት አውራዎችም ብርቱ ስለሆኑ አዲስ ደም የሚገባበት ቀዳዳ ጠፋ። አጥኚዎች የወንዶቹን ዘር ፍሬ ሲመረምሩ ጉድለት አገኙ።

እዚያው አጠገብ ሰረንጌቲ ላይ ጆርጅ ሻለር በ1966 አንበሶችን በየቀኑ እየተከታተለ መጻፍ ጀመረ። በ1978 ክሬግ ፓከርና አን ፒውዚ ሥራውን ተረከቡ። አንበሳን አንድ በአንድ በፊቱ ነጥብ እየለዩ፣ እናቱን፣ አክስቱን፣ ወንድሙን እየመዘገቡ፣ የዘር ሐረግ አወጡለት። አያቴ «ቆላ» ብለው ያለፉት ነገር ሁሉ እዚያ መዝገብ ላይ ተብራርቷል።

የአንበሳ ቤት የሴቶች ነው። እናት፣ ሴት ልጅ፣ እኅት፣ አክስት አንድ ግዛት ላይ ተወልደው፣ ተጋግዘው አሳድገው፣ እዚያው ይሞታሉ። ወንዱ ግን ሁለት ዓመት ተኩል፣ ሦስት ዓመት ሲሆነው ይባረራል። ከእሱ ጋር አብረው የተወለዱ ወንድሞቹና የአክስቶቹ ልጆችም አብረውት ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የስደት ነው፤ በሰው ግዛት ዳር ዳር እየሄዱ፣ ግሳታቸውን እየዋጡ፣ የሞተ እየበሉ ይጎለምሳሉ። ሁለትም ሦስትም፣ አልፎ አልፎ ሰባትም ዘጠኝም ሆነው ጓድ ይፈጥራሉ። ብቻውን የወጣ ወንድ ከሌላ ብቸኛ ጋር ይጎዳኛል፤ ዝምድና ባይኖራቸውም እንደ ወንድም ይኖራሉ። አራትና ከዚያ በላይ የሆነ ጓድ ግን ሁልጊዜ ዘመዳማቾች ናቸው። በ1991 በታተመ የዲኤንኤ ጥናት ፓከርና ባልደረቦቹ ምክንያቱን አሳዩ፤ በትልቅ ጓድ ውስጥ ሁሉም አይወልድም። ያልወለደው የሚዋጋው ለወንድሙ ልጆች ነው፤ በወንድሙ ልጅ ውስጥ የእሱም ደም አለ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ስናድግ አንበሳው ብቻውን ያለ ይመስለናል። አንበሳውም የሚያሸንፈው ሲያብር ነው። ጓዱ ሲጠነክር የአንድን ቤት አውራዎች ይገጥማል። ካሸነፈ ያገኛቸውን ደቦሎች ይገድላል። ይህን ማንበብ ይከብዳል፤ እኔም መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ነበር። ምክንያቱ ጊዜ ነው። ደቦል የምታጠባ እናት ቶሎ አታረግዝም፤ ደቦሎቿ ሲሞቱባት ግን ቶሎ ለመፀነስ ትመለሳለች፤ ከ110 ቀን ገደማ እርግዝና በኋላም የአዲሶቹን ትወልዳለች። አዲሶቹ አውራዎች በአንድ ቤት የሚቆዩት በአብዛኛው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው፤ ልጆቻቸው ራሳቸውን ሳይችሉ ሌላ ጓድ ከመጣ ደግሞ የእነሱም ዘር ይጠፋል።

አሁን ወደ ጎፈሩ ልመለስ። ጎፈሩ የጠቆረ አውራ ሴቶች የሚመርጡት፣ ወንዶች የሚፈሩት ነው፤ በ2002 የታተመ ጥናት ይህን ሰረንጌቲ ላይ በአሻንጉሊት አንበሳ ሳይቀር ፈትኖ አሳይቷል። ያ አውራ በጥይት ሲወድቅ ወንድሞቹ ይዳከማሉ። የተዳከመ ጓድ ይሸነፋል። አሸናፊዎቹ ደቦሎቹን ይጨርሳሉ። አንድ ጎፈር ላይ የሚቆጠረው አንድ ነፍስ አይደለም፤ ከበስተኋላው አንድ ሙሉ የልጆች ትውልድ አለ። ይህን ስል ጎፈር የደፉ አባቶቼን ለመውቀስ አይደለም። ከብታቸውን ሲጠብቁ አንበሳውን ፊት ለፊት የገጠሙት በጦርና በጋሻ ነበር፤ የሚያውቁትም ያዩትን ነው።

ከ1985 በኋላ ቆላው ራሱ መለወጥ ጀመረ። ከረሃቡ በኋላ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ብዙ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወደ ፓዌ ተወስዶ ሰፈረ፤ የጣና በለስ ፕሮጀክት ሸለቆውን በትራክተር ከፈተው። ከ2010 በኋላ ደግሞ ጃዊ የስኳር አገዳ አገር ሆነች። የቀርከሃው ጫካ ወደ ኋላ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ሸሸ። አንበሳውም አብሮት።

በ1998 ዓ.ም. የአማራ ክልል አልጣሽን ብሔራዊ ፓርክ ብሎ ከለለው፤ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር። ፓርኩ ከዲንደር ጋር ጀርባ ለጀርባ የተጣበቀ ነው። አይማ፣ አልጣሽና ገለጉ ወንዞች ያልፉበታል፤ በበጋ ውኃቸው ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። አንበሳ አለበት ወይ ለሚለው ጥያቄ የዓለም አቀፍ ተቋማት ካርታ ላይ የነበረው መልስ «ሊኖር ይችላል» የሚል ነበር።

በዚያው ዓመት፣ በ2006፣ በሌላው የአፍሪካ ጫፍ የአንበሳን የወንድማማች ታሪክ ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው ያደረገ ነገር ተጀመረ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሳቢ ሳንድ በሚባለው ጥብቅ ሥፍራ ስድስት ወንዶች ተነሡ። አምስቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስድስተኛው ማኩሉ በዕድሜ የሚበልጣቸው፣ በልጅነቱ ከውጭ መጥቶ እናቶቻቸው ሳያባርሩት አብሯቸው ያደገ ነው። «ማፖጎ» ተባሉ። ቤት ከቤት እየወረሩ ወንዱንም፣ ሴቷንም፣ ደቦሉንም ገደሉ፤ የሥፍራውን አብዛኛውን ክፍል በግሳት ገዙ። እንዲያ ያለ ጓድ በዘመናችን አልታየም።

የማፖጎ ታሪክ ያሳዘነኝ መጨረሻው ነው። ስድስቱ ተከፋፈሉ፤ ሚስተር ቲ የሚባለውና ኪንኪ ቴይል የሚባለው ለብቻቸው ወደ ሌላው ወገን ሄዱ። በሰኔ 2010 አምስት ወጣት ወንዶች መጡባቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከመጪዎቹ አንዱን ገደሉ፤ የቀሩት አራቱ ግን ኪንኪ ቴይልን ከብበው ጨረሱት። እነዚያ አራቱ «ማጂንጊላኔ» ተብለው ለዓመታት የሥፍራው ገዥ ሆኑ። ሚስተር ቲ ብቻውን ሲቀር ወደ ቀሩት ወንድሞቹ ተመለሰ፤ ተቀበሉት። እሱ ግን የወንድሞቹን ደቦሎች ገደለ። በመጋቢት 2012 ሌላ ጓድ መጥቶ እሱንም ገደለው። የማፖጎ ዘመን በስድስት ዓመት ተጠናቀቀ። ሲያብሩ የነበራቸውን ነገር ሲለያዩ አጡት፤ አስጎብኚዎቹ ቀን በቀን ጽፈውት ስለነበር ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የማን ደም በየትኛው ቤት እንደቀጠለ ዛሬ በስም ይታወቃል። የቋራና የጃዊ አንበሶች እንዲህ ያለ ጸሐፊ ኖሯቸው አያውቅም።

በዚያው በ2012 የስድስት ኪሎ አንበሶች ስም በዓለም ዜና ተነሣ። የጀርመንና የእንግሊዝ አጥኚዎች የ15 አንበሶችን ዲኤንኤ መርምረው ከሌሎቹ ካወዳደሯቸው የዱርም የግቢም አንበሶች የተለዩ ሆነው እንዳገኟቸው አሳወቁ። ወንዶቹ በዓይንም ይለያሉ፤ ጎፈራቸው ጥቁር ነው፣ ከደረት አልፎ ሆድ ድረስ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ብርድ ጎፈርን እንደሚያረዝም አይካድም፤ በደም ያለው ልዩነት ግን ብርድ የሚያመጣው አይደለም። ሄለር ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ ቆዳና አጥንት ላይ ተመሥርቶ ያለው ነገር አዲስ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። የሰባቱ መሥራቾች ወንድሞች፣ ከአጥር ውጭ የቀሩት፣ የት ናቸው?

በሐምሌ 2015 ዚምባብዌ ውስጥ ሲሲል የሚባለው አንበሳ በአዳኝ ተገደለ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች አንገቱ ላይ መከታተያ አስረው ያጠኑት ስለነበር ሞቱን ዓለም ሰማ። ብዙዎች ያላስተዋሉት ጄሪኮን ነው። ጄሪኮ የሲሲል ጓድ ነበር እንጂ ወንድሙ አልነበረም፤ ሁለቱም ወንድማቸውን አጥተው በብቸኝነት የተገናኙ ናቸው። ሁሉም ጄሪኮ ደቦሎቹን ይገድላል ወይም ሌላ መጥቶ ይጨርሳቸዋል ብሎ ሲጠብቅ፣ ቤቱን ይዞ የጓዱን ልጆች ጠበቀ።

ከወራት በኋላ የዚያው የኦክስፎርድ ቡድን ባልደረባ ሃንስ ባወር ቦርን ፍሪ በሚባል የእንስሳት ጥበቃ ድርጅት ድጋፍ ወደ አልጣሽ ወረደ። እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ በውኃ ዳር ተከለ፤ ዱካ ፈለገ። በየካቲት 1 ቀን 2016 ዜናው ወጣ፤ አልጣሽ ውስጥ አንበሳ አለ። ግምቱ በአልጣሽ ከ27 እስከ 54፣ ከዲንደር ጋር በአንድነት ከ100 እስከ 200 ነው። የውጭ ጋዜጦች «ተገኙ» ብለው ጻፉ። የቋራ ገበሬ፣ የጉምዝ አዳኝ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከአዊ የወረደ የቀን ሠራተኛ ግን ግሳታቸውን ሲሰማ ነው የኖረው። አያቴም በአገጫቸው አሳይተውኝ ነበር። ቢሆንም ያ ዜና ሲነገር ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ያወቅነው ነገር ተጻፈልን። በሌሊት ከተነሡት ፎቶዎች አንዱ ላይ ያለው ጥላ የማንም ምርኮ አይደለም፣ የማንም ስጦታ አይደለም።

በ2017 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የድመት ዘር ባለሙያዎች የአንበሳን አመዳደብ እንደገና ጻፉት። በሩዝቬልት ስም የተጠራውም ሌሎቹም ብዙ ንዑስ ዝርያዎች ቀርተው ሁለት ብቻ ሆኑ፤ አንዱ የሰሜን ቅርንጫፍ ነው፣ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ እስከ ህንድ የሚዘልቅ፤ ሌላው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካው ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት አገር ኢትዮጵያ እንደሆነ ይታመናል። በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ከሰሜን የወረዱና ከደቡብ የወጡ ስደተኛ ወንዶች እዚህ ተገጣጥመዋል፣ ተዋግተዋል፣ ወልደዋል ማለት ነው። የባሌው የሐረና ጫካ አንበሳ፣ የጋምቤላው፣ የኦሞው፣ የአልጣሹ የየራሳቸውን ክር ይዘዋል። ክሩን ከቦታ ቦታ የሚወስደው ሴቷ አይደለችም፤ የተባረረው ወንድ ነው። መንገዱ በእርሻና በጥይት ሲዘጋበት እያንዳንዱ ቦታ የየራሱ ንጎሮንጎሮ ይሆናል።

በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ፤ በ2024 ውጊያው ሰናር ግዛት ገብቶ ዲንደር ደረሰ። በእኛም በኩል ከ2023 ክረምት ጀምሮ አማራ ክልል ሰላም የለውም። የፓርክ ጠባቂው ከአንዱም ከሌላውም ወገን እግሩ አጠረ። የሰውን ሐዘን ትቼ ስለ አንበሳ መጻፌ አይደለም፤ አንድ መሬት ላይ ያለ አንድ መከራ ነው።

የዲንደር ሜዳ በክረምት ጎርፍ ይይዘዋል። ዝናቡ ሲጀምር ከዚያ በኩል ያለው አራዊት ከረግረጉ ሸሽቶ ከፍ ወዳለው መሬት፣ ወደ ኢትዮጵያ ያዘነብላል። ቤታቸው ያባረራቸው ወጣት አንበሶች ቢኖሩ የሚሄዱት በዚህ ጊዜ ነው፤ ሳሩ ረዝሞ ይሸሽጋቸዋል፣ ጭቃው ዱካቸውን ይይዛል። ሁለትም ሦስትም ሆነው፣ ገና ጎፈራቸው አንገታቸውን ሳይሸፍን፣ የወንዙን ዳር ይዘው ወደ ላይ ይመጣሉ። ያ ወንዝ የሚመጣው ከደጋው ነው። ሰኔ ላይ እንጅባራ ሲዘንብ እኔ የማስበው እነሱን ነው።